ሰፊ ሞኒተር ለመግዛት ላሰበ

ተማሪ ገንዘብ አጠራቅሞ ትልቅ ዕቃ የሚገዛው በትምህርት ዘመኑ ምናልባት አንድ ጊዜ ነው። ባለጸጋ ቢሳሳት ሌላ ይገዛል፤ ተማሪ ግን የተሳሳተበትን ዕቃ እስኪመረቅ ድረስ ሲያየው ይኖራል። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን፣ አንድ ቤት የተከራየን አራት ጓደኞች ባዋጣነው ገንዘብ ለጨዋታ የሚሆን ሰፊ ሞኒተር ስንገዛ ያነሣነው ክርክርና የፈጸምነው ስሕተት ነው። ሦስታችን የአርትስ ፋኩልቲ ተማሮች ስለ ሆንን የመሐንዲስ ዕውቀት አለን አንልም። ይሁን እንጂ ነገሩ የሚጠይቀው ትንሽ ሒሳብና ብዙ ትዕግሥት መሆኑን ዘግይተንም ቢሆን ተረድተናል።

በመጀመሪያ የኢንቹን ነገር እንመልከት፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። የሞኒተር መጠን የሚለካው በወርዱም በቁመቱም ሳይሆን ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ድረስ በሰያፍ ነው። ስለዚህ ቅርጻቸው የተለያየ ሁለት ሞኒተሮችን በኢንች ብቻ ማወዳደር፣ አንዱን ሰው በቁመቱ ሌላውን በውፍረቱ ለክቶ ማን ይበልጣል እንደ ማለት ነው። የተለመደው ሞኒተር 16 ለ 9 ነው፤ ሰፊው የሚባለው ደግሞ 21 ለ 9 ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነውን የፓይታጎረስን ሕግ አስታውሰን ብናሰላው፣ 34 ኢንች የሆነው ሰፊ ሞኒተር ወርዱ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ወደ 33 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 27 ኢንች የሆነው ተራ ሞኒተር ወርዱ 60፣ ቁመቱ 33 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። እንግዲህ 34ቱ ማለት በቁመት ከ27ቱ ጋራ የሚተካከል፣ በጎንና በጎን ግን ዐሥር ዐሥር ሳንቲ ሜትር የተጨመረለት ነው። ይባስ ብሎ 32 ኢንች የሆነው ተራ ሞኒተር (ወርዱ 71፣ ቁመቱ 40) ጠቅላላ ስፋቱ ከ34ቱ ሰፊ ሞኒተር ይበልጣል! ቍጥሩ የሚያንሰው ዕቃ በስፋት በልጦ ተገኘ ማለት ነው።

ከመካከላችን አንዱ፣ ከሁላችንም የሚበልጥ ገንዘብ ያዋጣው፣ 49 ኢንች ካልሆነ አልገዛም ብሎ ሁለት ሳምንት ተሟገተ። እኛም በቃል ልናሳምነው ስላልቻልን የአሮጌ ካርቶን ልጣጭ በልኩ ቈርጠን ጠረጴዛው ላይ አቆምን። 49 ኢንቹ ሁለት ባለ 27 ኢንች ሞኒተሮች ጎን ለጎን እንደ ማስቀመጥ ስለ ሆነ ወርዱ 120 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጠረጴዛችን ደግሞ አንድ ሜትር ነው። ክርክሩ በዚያው አለቀ። ካርቶን ቈርጦ ማየትን ለሁሉም እንመክራለን፤ ወጪ የለውም፣ ወንድማማችም አያጣላም።

ይህ ስፋት ከየት መጣ ያልን እንደ ሆነ፣ መልሱ የሚገኘው በኮምፒውተር ታሪክ ሳይሆን በሲኒማ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቴሌቪዥን የአሜሪካንን ሕዝብ ከሲኒማ ቤት ወደ ቤቱ ስለ መለሰው፣ የፊልም ኩባንያዎች በቤት ሊገኝ የማይችል ነገር ለማሳየት ሲሉ ሥዕሉን በጎን አሰፉት። ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1953 «ዘ ሮብ» የተባለውን ፊልም በሲኒማስኮፕ አሳየ፤ ይኸውም ፈረንሳዊው አንሪ ክሬትየን በፈለሰፈው ሰፊ ሥዕልን በጠባብ ፊልም ላይ አጣብቆ በሚያነሣ መነጽር የተሠራ ነበር። እንግዲህ ዛሬ በጠረጴዛችን ላይ ያለው ቅርጽ በቴሌቪዥን ላይ ከተደረገው ከዚያ ፉክክር የተወረሰ ነው። 21 ለ 9 የሆኑ የኮምፒውተር ሞኒተሮች ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ ጐበጥ ያሉት ባለ 34 ኢንቾች በ2014 ተከተሉ። በዚህም ምክንያት በሲኒማ ልክ የተነሣ ፊልም በሰፊው ሞኒተር ላይ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል፤ ለቴሌቪዥን የተሠራ ነገር ወይም በኢንተርኔት የምንከታተለው ሌክቸር ግን ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መሐል ላይ ይቀራል።

ጨዋታም እንደዚሁ ነው። ሁሉም ጨዋታ ሰፊውን ሞኒተር አይቀበለውም። «ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2»፣ «ፎርዛ ሆራይዘን 5»፣ «ሳይበርፐንክ 2077» የጎኑን ዓለም ከፍተው ያሳያሉ፤ በተለይ መኪና መንዳት ላይ በጎን መስኮት የሚያልፈውን ዛፍ ማየት እጅግ ደስ ያሰኛል። «ኤልደን ሪንግ» ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ በ16 ለ 9 የተወሰነ ስለ ሆነ፣ በሰፊ ሞኒተር የሚጫወተው ሰው ያለው ትርፍ ሁለት ጥቁር መጋረጃ ነው። «ኦቨርዎች» ደግሞ በ2016 ለሰፊ ሞኒተር ቦታ ሲሰጥ ጎኑን በማስፋት ፈንታ ላይና ታቹን ቈረጠው፤ ገንዘብ የጨመረው ተጫዋች ካልጨመረው ያነሰ አየ ማለት ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ያለውም ሰው ይጠንቀቅ፤ መሣሪያው በ21 ለ 9 ሥዕል አያወጣም። ስለዚህ ከገበያው በፊት የሚጫወቱትን ጨዋታ ስም በወረቀት ጽፎ አንድ በአንድ መመርመር ያሻል። እኛ ይህን ሳናደርግ በመቅረታችን ከአራታችን አንዱ የሚወደው ጨዋታ በሞኒተሩ መሐል ብቻ የሚታይ ሆነ። እሱም «የኔ ድርሻ ጥቁሩ ነው» እያለ እስከ ዛሬ ይወቅሰናል፤ እውነቱን ነው።

ከቅርጹ ቀጥሎ የሚመጣው የነጥቡ ብዛት ነው። ሥዕሉ የሚሠራው ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። ባለ 34 ኢንቹ ሞኒተር በአብዛኛው በሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ አንዱ 2560 በ1080፣ ሌላው 3440 በ1440 ነው። ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንትያ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ቀርቦ ጽሑፍ ሲያነቡ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ኢንች ላይ 82 ነጥብ ብቻ ሲይዝ ሁለተኛው 110 ይይዛል። ጨዋታ ብቻ ለሚጫወት ምናልባት 82ቱ ይበቃው ይሆናል። ተማሪ ግን ማታ በተጫወተበት ሞኒተር ጧት የጥናት ጽሑፍ ያነባል፤ በተለይ የኛ ፊደል ቅጥያው ጥቃቅን ስለ ሆነ፣ ነጥቡ ሻካራ ሲሆን «ጸ»ን ከ«ጹ» ለመለየት ዐይን ይደክማል። ስለዚህ በ34 ኢንች ከ3440 በታች የሆነውን በርካሽ ተገኘ ብሎ መግዛትን አንመክርም።

ነገር ግን ነጥብ በበዛ ቍጥር ሥዕሉን የሚሥለው ግራፊክስ ካርድ ይደክማል። 1920 በ1080 ማለት ሁለት ሚሊዮን ያህል ነጥብ ነው፤ 3440 በ1440 አምስት ሚሊዮን ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ ፎር ኬ የሚባለው ከስምንት ሚሊዮን በላይ ነው። ካርዳችን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ሲሆን፣ በአሮጌው ሞኒተር ሲሥለው ከነበረው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል እንዲሥል ታዘዘ። ከባድ ጨዋታ ላይ ጌጡን ዝቅ ማድረግ ግድ ሆነብን። ሞኒተሩ የበሬውን ቀንበር አሰፋው እንጂ በሬውን አላጠነከረውም። እንግዲህ የሞኒተር ገንዘብ ሲያዋጡ ካርዱም አብሮ መቈጠር አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተታችን እንምጣ። ሞኒተር በሴኮንድ ሥዕሉን የሚያድስበት ጊዜ በኸርትዝ ይቈጠራል። 60 ኸርትዝ የሆነው እያንዳንዱን ሥዕል ወደ 17 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ያቆየዋል፤ 144 የሆነው ግን በ7 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ ይለውጠዋል። ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል፤ ማውሱን ሲያንቀሳቅሱት ሥዕሉ እጅን ይከተላል። እኛም 144 የሆነውን መርጠን፣ ተጨማሪውንም ገንዘብ ከፍለን ገዛን። ቤት አምጥተን በአሮጌው የኤችዲኤምአይ ገመድ አያያዝነውና ሦስት ወር ሙሉ ስንጫወት «እንዴት ለስላሳ ነው!» ስንባባል ቈየን። አንድ ቀን ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲ የመጣ ወዳጃችን በዊንዶውስ ውስጥ የማሳያውን ቅንብር ከፍቶ ሲያሳየን 60 ኸርትዝ ይላል! ያደነቅነው ልስላሴ የከፈልንበት ዋጋ ብቻ ነበር።

ምክንያቱን በወረቀት አስልቶ አሳየን። 3440 በ1440 የሆነን ሥዕል፣ ለአንድ ነጥብ 24 ቢት ይዞ፣ በሴኮንድ 144 ጊዜ ለመላክ ከ17 ቢሊዮን ቢት በላይ ያስፈልጋል። ኤችዲኤምአይ 2.0 በስሙ 18 ቢሊዮን ይሸከማል ቢባልም ለሥዕሉ የሚተርፈው 14.4 ቢሊዮን ብቻ ነው። ስለዚህ 100 ኸርትዝ ይችል ይሆናል፤ 144 ግን አይችልም። ዲስፕሌይ ፖርት 1.4 ለሥዕሉ ወደ 26 ቢሊዮን ስለሚያስተላልፍ ይበቃል። ያ ገመድ ደግሞ ለካ ከሞኒተሩ ጋራ አብሮ ተሰጥቶን፣ ሳይፈታ በካርቶኑ ሥር ተኝቶ ነበር። ገመዱን መለወጥ ብቻ ግን አይበቃም፤ በዊንዶውስ ቅንብር ገብቶ 144ን በእጅ መምረጥ ያስፈልጋል። ይህን ያነበበ ሞኒተር ያለው ሁሉ ዛሬ ማታ ሄዶ ቅንብሩን ይመልከት።

ካርዱ በሴኮንድ 144 ሥዕል ሊያደርስ ባልቻለ ጊዜ ሥዕሉ መሐሉ ላይ የተቀደደ መስሎ ይታያል። ለዚህም ሞኒተሩ ካርዱን እየጠበቀ የሚያድስበት ዘዴ አለ፤ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2013 ጂ-ሲንክ ብሎ አስተዋወቀው፣ የኤኤምዲ ፍሪሲንክ ተከተለ። ከጥር 2019 ወዲህ የኤንቪዲያ ካርዶች በሁለተኛው ዓይነት ሞኒተርም ስለሚሠሩ፣ ለስሙ ብቻ ብዙ ገንዘብ መጨመር አያሻም። እንደኛ ደካማ ካርድ ላለው ይህ ከኸርትዙ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ስለ መስታወቱ ዓይነት በአጭሩ እንናገር። አይፒኤስ ቀለሙ የታመነ ነው፤ ከጎንም ሲያዩት አይለወጥም፤ ጥቁሩ ግን ግራጫ ይመስላል። ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ የጠለቀ ነው፤ ነገር ግን በጨለማ ቦታ የሚንቀሳቀስ ነገር ጭራ ይጎትታል። የኛው ቪኤ ነው፤ በዋሻ ውስጥ ስንጫወት ይሰማናል፣ በቀን ብርሃን ግን አናስታውሰውም። ኦሌድ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን ስለሚያወጣ ከሁሉ ያምራል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በ34 ኢንች ይሸጣል። ቀኑን ሙሉ አንድ ገጽ ከፍቶ ለሚጽፍ ተማሪ ግን የማይንቀሳቀስ ሥዕል ታትሞ የሚቀርበት ሥጋት አለ። ሻጩ «ኤችዲአር አለው» ያለ እንደ ሆነ ቍጥሩን መጠየቅ ነው፤ 400 ከሆነ ብሩህነቱን እንጂ ጨለማውንና ብርሃኑን በየቦታው የመለየት ችሎታውን አያረጋግጥም። ጐባጣነቱንም በቍጥር ይጽፉታል፤ 1800 አር ማለት ክቡ ቢሟላ ከመሐሉ እስከ ዳሩ አንድ ሜትር ከሰማንያ ይሆናል ማለት ነው። ለአንድ ተቀማጭ ዳር ዳሩን ወደ ዐይን ስለሚያቀርብ ደኅና ነው፤ አራት ሆነው ፊልም ሲያዩ ግን ዳር የተቀመጠው ይከፋዋል። እኛ ቦታ በተራ እንቀያየራለን።

ሱቅ ሲሄዱ የራስን ላፕቶፕና ገመድ ይዞ መሄድ ነው። ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ቀይ ሥዕል አዘጋጅቶ በየተራ ከፍቶ የሞተ ነጥብ መኖሩን፣ ጥቁሩም ላይ ከጥግ ብርሃን የሚያፈስ መሆኑን ማየት፤ በኋላም አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ከፍቶ በስድሳና በሰባ ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ማንበብ ይገባል። ሻጩ ቢቸኩልም አለመቸኰል ነው። በኅብረት ለሚገዙ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር፤ ከምረቃ በኋላ ዕቃው ለማን እንደሚሆንና ለቀሩት ምን ያህል እንደሚከፈላቸው ሳይገዛ በወረቀት ላይ ማስፈር ይሻላል። እኛ አላሰፈርንም፤ ምረቃው አራት ወር ሲቀረው ባለ 49 ኢንቹ ወዳጃችን ከወዲሁ ካርቶኑን ከአልጋው ሥር አስቀምጦታል።