«መጀመሪያ መጠጡን አቁም»፦ የቀድሞ ወታደሮችን የጦርነት ሰቀቀንና ሱስ ለያይቶ የማከም ልማድ ሲመረመር

ከጦር ግንባር የተመለሰ ወታደር እርዳታ ፈልጎ ወደ ሕክምና ተቋም ሲሄድ ብዙ ጊዜ ሁለት ችግር ይዞ ይቀርባል። ሌሊት በቅዠት ይባንናል፤ ቅዠቱን ለማራቅ ይጠጣል። ለረጅም ዘመን ሕክምናው ችግሩን ለሁለት ከፍሎ ያስተናግድ ነበር። የሱስ ሕክምና ክፍሉ የጦርነቱን ትዝታ ለጊዜው እንዳይነካ ይመክራል፤ የአእምሮ ሕክምናው ክፍል ደግሞ መጠጡን አቁሞ እንዲመለስ ያዘዋል። ይህ ጽሑፍ የአሜሪካን የቬትናም ጦርነት ተመላሾች መነሻ በማድረግ፣ ለጥንቃቄ ተብሎ የተያዘው ይህ ቅደም ተከተል ለታካሚው እንቅፋት እንደሚሆንበት ይከራከራል። «ድኅረ ሰቀቀን ሕመም» ስል፣ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣውንና በትዝታው መመላለስ፣ በመሸሽ እንዲሁም በማያቋርጥ ንቁነት የሚታወቀውን ሕመም ማለቴ ነው።

በዘርፉ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው የሊ ሮቢንስ ጥናት ነው። ተመራማሪዋ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1971 ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችን አነጋግራ፣ ከአምስቱ አንድ ያህሉ በዚያ ሳሉ የሄሮይንና መሰል ዕፆች ሱሰኛ እንደ ነበሩ አረጋገጠች። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት ከእነዚሁ 5 በመቶ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ደግሞ 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህም «አካባቢው ሲለወጥ ሱሱ ይለቃል» የሚል ድምዳሜ ተስፋፋ። ድምዳሜው ስለ ሄሮይን ብዙ እውነት አለው። ነገር ግን ድኅረ ሰቀቀን ሕመም ያን ጊዜ የምርመራ ስያሜ ስላልነበረው በስሙ ሊጠየቅ አይችልም ነበር፤ ሄሮይን የተወ ሰው መጠጥም ትቷል ማለት አይደለም።

ስያሜው ወደ አሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር የምርመራ መመሪያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከዚያ በፊት ተመላሾቹ ራሳቸው በኒው ዮርክ ተሰባስበው፣ እንደ ካይም ሻታንና ሮበርት ሊፍተን ካሉ ሐኪሞች ጋር ስለ ደረሰባቸው ነገር ይነጋገሩ ነበር፤ ስያሜው የሐኪሞች ብቻ ግኝት ተደርጎ ሲቀርብ ይህ ድርሻቸው መረሳቱ አግባብ አይመስለኝም። በ1980ዎቹ የተካሄደው አገር አቀፍ የተመላሾች ጥናት ከወንዶቹ 15 በመቶ ያህሉ በወቅቱ ሕመሙ እንዳለባቸው አሳየ። በዕድሜያቸው ሕመሙ ከነበረባቸው መካከልም ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት በአንድ ወቅት ከአልኮል ጋር የተያያዘ ችግር ነበረባቸው።

ለያይቶ የማከሙ ልማድ ዋና ድክመት የሚታየው መጠጥ በሚቋረጥባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። አልኮል እንቅልፍ ቶሎ ያመጣል፤ በሌሊቱ የመጀመሪያ ክፍልም ሕልም የሚበዛበትን የእንቅልፍ ምዕራፍ ያፍናል። መጠጡ ሲቋረጥ የታፈነው ምዕራፍ በርትቶ ይመለሳል፤ ቅዠቱም አብሮት ይመጣል። እንቅልፍ ማጣት፣ ቁጡነትና በትንሽ ድምፅ መደንገጥ የመጠጥ መቋረጥም የድኅረ ሰቀቀን ሕመምም ምልክቶች ናቸው። እንግዲህ «አቁመህ ና» የተባለው ሰው ጦርነቱ እጅግ በሚበረታበት ሰዓት ያለ ድጋፍ ይቀራል ማለት ነው። ሲሸነፍና ዳግም ሲጠጣ ደግሞ መዝገቡ ላይ «ለሕክምና ዝግጁ ያልሆነ» ይባላል። ሥር የሰደደ ጠጪ መጠጡን በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ሊያስከትልበትና ሕይወቱንም ሊያሳጣው ስለሚችል፣ ትእዛዙ ያለ ሐኪም ክትትል ሲሰጥ አደጋው የከፋ ነው። ኤድዋርድ ካንትዚያን እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረበው «ራስን በራስ የማከም» መላ ምት ሱሰኛው ከዕፁ እፎይታ እንደሚፈልግ ይገልጻል፤ እፎይታውን የሚተካ ነገር ሳያቀርቡ መንጠቅ ምን እንደሚያስከትል ከዚሁ መገመት አያዳግትም።

የለያይቶ ማከም ደጋፊዎች ስጋት ግልጽ ነው፦ ትዝታውን መቀስቀስ ታካሚውን ወደ መጠጥ ይመልሰዋል ይላሉ። ስጋቱ ግን በሙከራ ሲፈተሽ አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የካትሪን ሚልስና የባልደረቦቿ የአውስትራሊያ ጥናት 103 ሰዎችን ያሳተፈ ሲሆን፣ ትዝታን ደጋግሞ የመጋፈጥ ሕክምና ከሱስ ሕክምና ጋር የተሰጣቸው የሰቀቀን ምልክታቸው ይበልጥ ቀንሷል፤ የዕፅ አጠቃቀማቸው አልባሰም። ከሌላው ቡድን ይልቅ አልተሻለምም፤ ይህ ውስንነት ሊሸፈን አይገባም። ሶንያ ኖርማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 በ119 የቀድሞ ወታደሮች ላይ ያሳተሙት ጥናትም ተመሳሳይ አቅጣጫ አለው። የአሜሪካ የተመላሾች ጉዳይና የመከላከያ መሥሪያ ቤቶች የ2017 የሕክምና መመሪያም ተጓዳኝ ሕመም መኖሩ የሰቀቀን ሕክምና ለመከልከል ምክንያት እንዳይሆን አሳስቧል።

ይህ ማስረጃ በአመዛኙ ከአልኮልና ከሄሮይን የተገኘ ስለሆነ ወደ አፍሪካ ቀንድ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ጫት የሚያነቃቃ ዕፅ ነው፤ እንቅልፍ ይነሳል እንጂ አያመጣም። ሚካኤል ኦደንቫልድና ባልደረቦቹ በሶማሌ ታጣቂዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ግን ድኅረ ሰቀቀን ሕመም ያለባቸው አብዝተው እንደሚቅሙ፣ ለዚህም ጦርነቱን መርሳት አንዱ ምክንያታቸው እንደሆነ፣ ሁለቱ ሲደራረቡም የእውነታ መዛባት ምልክቶች እንደሚበረክቱ ታይቷል። ከመጠን በላይ ንቁ የሆነ ሰው በሚያነቃቃ ነገር እፎይታ የሚፈልግ ከሆነ፣ እፎይታው ከቅጠሉ ይሁን አብሮ ከመቃሙና ከጨዋታው ተለይቶ መጠናት አለበት፤ በጋራ ሕክምናው ውስጥ በጫቱ ቦታ ምን እንደሚተካ የሚወስነው የዚህ መልስ ነውና።