ቀፊራ ላይ ኪሎ ሲጎድል

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ተመዝኖለት ቤቱ ሲደርስ አራት ኪሎ ከምናምን የሆነበት ሰው የሚያደርገው ይታወቃል። ይናደዳል፣ ለጎረቤት ያወራል፣ «ተወው አቦ!» ይባላል፣ ይተወዋል። የድሬ ሰው ገርነት ደስ ይላል፤ ሚዛን ለሚያጎድል ነጋዴና ቁጥጥር ለዘነጋ ቢሮ ግን ከዚህ የሚመች ነገር የለም።

ላለመተው ከወሰኑ መጀመሪያ ሰውዎን ይለዩ። ከገጠር መጥታ ቲማቲም በመደብ የምትሸጥ እናት ኪሎ ልሽጥልህ አላለችም፤ ክምሩን አይተው፣ ተከራክረው ነው የገዙት። እሷን ይተዉአት። ጉዳያችን ፈቃድ አውጥቶ በኪሎ ከሚሸጠው ጋር ነው።

ደረጃ 1፦ ሚዛኑን ባዶውን ይዩ። የዲጂታሉ ቁጥር ዜሮ፣ የተንጠልጣዩም ቀስት ዜሮ ላይ መሆን አለበት። ሳህን ወይም ፌስታል ከተቀመጠ በኋላ እንደገና ዜሮ ይደረግ።

ደረጃ 2፦ ይፈትኑት። ያልተከፈተ የአንድ ሊትር ውሃ ይያዙ። የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት ወደ አንድ ኪሎ ነው፤ ፕላስቲኩም ጥቂት ግራም ይጨምራል። ስለዚህ ዲጂታሉ ከአንድ ኪሎ ጥቂት ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይገባል፤ 900 ካለ ችግር አለ፤ 1,100 ካለ ደግሞ ሽንኩርቱንም እንዲሁ እያከበደ ያስከፍልዎታል።

ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ከሆነ ደግሞ ብረቱና ዕቃው እኩል ከቆሙ በኋላ ቦታ ያለዋውጧቸው። ደህና ሚዛን እንደገና እኩል ይቆማል። ክንዱ የተዛባ ወይም ከሳህኑ ሥር ነገር የተለጠፈበት ከሆነ ወዲያው ያጋድላል። ብረቱ ራሱ ተቦርቡሮ ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይይዘውም፤ ያኔ ውሃውን ከአንድ ኪሎው ብረት ፊት ለፊት ያስቀምጡ፣ ብረቱ በጣም ቀሎ ከተነሳ ነገሩ ግልጽ ነው።

ይህን ሁሉ ከመክፈልዎ በፊት ያድርጉ። «ነክተሃል፣ ግዛ» የሚል ካለ አይደንግጡ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃ ስላዩ ወይም ዋጋ ስለተከራከሩ ብቻ የመግዛት ግዴታ እንደሌለብዎት ይደነግጋል።

ደረጃ 3፦ ደረሰኝ ይቀበሉ። ያለ ደረሰኝ ክርክሩ የእርስዎ ቃል ከነጋዴው ቃል ጋር ይሆናል። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ንግድ ፈቃድ ስሙን ይጻፉ። የታሸገ ዕቃ ከገዙ የማብቂያ ቀኑን እዚያው ያንብቡ፤ ጉድለት ቢገኝበት በዚያው አዋጅ መሠረት በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ ማለት ይችላሉ።

ደረጃ 4፦ ለአስተዳደሩ ንግድ ቢሮ ማመልከቻ ይጻፉ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። «ሕዝቡ እየተበዘበዘ ነው» የሚል ወረቀት ፋይል ውስጥ ይተኛል፤ ማንም አይቃወመውም፣ ማንም አይሠራበትም። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሱቅ፣ 5 ኪሎ ተብሎ የተሸጠልኝ 4 ኪሎ ከ600 ግራም ሆኖ ተገኘ» የሚለው ግን ባለሙያ ሄዶ ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ነው። ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ሚዛኑ ይመርመር፣ ውጤቱም በጽሑፍ ይነገረኝ። የደረሰኙን ቅጂ ያያይዙ፤ ዋናውን አይስጡ።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁና መዝገብ ቤት ያስገቡ። በእጅዎ በሚቀረው ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉ። ይህን ሳያስደርጉ ከወጡ ምንም እንዳላስገቡ ይቁጠሩት።

ደረጃ 5፦ ተመልሰው ይጠይቁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲባሉ ቀኑንና የነገረዎትን ሰው የሥራ ድርሻ ከማመልከቻዎ ጀርባ ይጻፉ። መልስ ከቀረ ለቅሬታ ሰሚው፣ ቀጥሎም ለቢሮው ኃላፊ በጽሑፍ ያቅርቡ። ያው ማኅተም፣ ያው ቁጥር።

ደረጃ 6፦ ይህም ካልሆነ በ1992 በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፣ ገንዘብ አያስከፍልም። መጀመሪያ ግን ለሚመለከተው ቢሮ አመልክተው እንደነበር ይጠይቅዎታል፤ ማኅተም ያረፈባቸው ቅጂዎች የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው። ተቋሙ የሚመረምረው የመንግሥት መሥሪያ ቤትን እንጂ ነጋዴን አይደለም። ስለዚህ ሲያስረዱ ሽንኩርቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለፉት፤ መቼ እንዳመለከቱና ቢሮው ስንት ጊዜ እንደመለሰዎት በቀን በቀኑ ይዘርዝሩ።