ከዶክትሬት በኋላ፦ ሳይንስን ለሕዝብ የማስረዳት ሙያ

“ሳይንስ ተምሬ ምን እሆናለሁ?” ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መልስ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም አስተማሪ የሚል ነው። እስከ ዶክትሬት የዘለቀ ሰው ደግሞ ዕድሜውን በቤተ ሙከራ የሚጨርስ ይመስለናል። ሆኖም ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ሙዚየም፣ ወደ ጋዜጣና ወደ ጤና ድርጅቶች የሚገቡ አሉ። ሥራቸው ተመራማሪዎች የደረሱበትን ዕውቀት ሰው ሊጠቀምበት በሚችል አነጋገር ማስረዳት ነው። የሳይንስ ተግባቦት ይባላል። ምርምር ያልሆነለት ሰው መሸሸጊያ አድርጎ የሚያየው ካለ ተሳስቷል።

ከኛ ሰዎች ለዚህ የሚቀርቡት ምሳሌ፣ ተመራማሪ ሆነው ቢታወቁም፣ ዶ/ር አክሊሉ ለማ ናቸው። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ዶክትሬታቸውን ያገኙት እኚህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የበሽታው ትል የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በኋላ በከተማዋ ለዓመታት በተደረገው ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ማስረጃው ተገኘ፤ ማሳመኑ ግን ገና ነበር። የውጭ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ዓይን አዩት። ዶ/ር አክሊሉ ኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ በዩኒሴፍም ጭምር ሲሠሩ ስለ እንዶድ መናገራቸውን አልተዉም። ከባልደረባቸው ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው፤ ቀንድ አውጣዎቹን ካዩ ከ25 ዓመት በኋላ!

እዚሁ ደቡብ ሱዳን ደግሞ የጊኒ ትል ታሪክ አለ። ይህ በሽታ ክትባትም ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም። ሰው የትሉን እጭ የዋጡ ጥቃቅን የውሃ ቁንጫዎች ያሉበትን ውሃ ይጠጣል፤ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም ትል ብዙ ጊዜ በእግሩ በኩል ቆዳውን ቀዶ ይወጣል። በ2006 በዚህ አገር ከ20,000 በላይ ሕሙማን ተመዝግበው ነበር። በ2018 አንድም አልተገኘም፤ ከዚያ ወዲህም የሚገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የረዳው ውሃ ማጥለያ ጨርቅ፣ ሕመምተኛን መከታተልና መንደር ለመንደር እየዞሩ ማስረዳት ነው። ትል የሚወጣበት ሰው ኩሬ ውስጥ እንዳይገባ ማሳመን ያስፈልጋል፤ ሕመሙ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ያስመኛል። “አትግባ” ብሎ መጮህ ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም።

ታዲያ ዶክትሬት ያለው ሰው ምን ይጎድለዋል? ማስረጃን መመዘን ያውቃል፤ ይህ ትልቅ ሀብቱ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ ግን ያስተማረው ለአምስት መርማሪዎች መጻፍን ነው፤ ከዘዴው ይጀምራል፣ ውጤቱን መጨረሻ ላይ ያመጣል። የሬዲዮ አድማጭ ያን ያህል አይጠብቅም። እሱ ልጁ የሚጠጣው ውሃ ደህና መሆኑን ነው መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው። ስለዚህ ባለሙያው አገላብጦ መናገርን፣ ከሚያውቀው አብዛኛውን መተውን፣ እርግጠኛ ባልሆነበት ላይ ደግሞ “ይመስላል” ማለትን ይማራል። ከሁሉ የሚከብደው መተዉ ነው፤ ሰባት ዓመት የለፉበትን በሦስት ደቂቃ መናገር ያማል።

ቋንቋም አለ። ጁባ ውስጥ አንዱን የጤና መልእክት በጁባ ዓረብኛ፣ በባሪ፣ በዲንካ፣ በኑዌር ማድረስ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ እናንተ ቤት አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ፣ ገበያ ላይ ዓረብኛ የምትናገሩ ልጆች ከብዙ ዶክተሮች ቀድማችኋል።

መልመጃ፦ የጊኒ ትል እጭ በዓይን አይታይም። ታዲያ ተራ ማጥለያ ጨርቅ እንዴት ያስቀረዋል? መልሱን ከላይ ካለው ጽሑፍ ፈልጉና፣ “እጭ” የሚለውን ቃል ሳትጠቀሙ በስድስት ዓረፍተ ነገር ለአንድ ጎረቤት በጁባ ዓረብኛ አስረዱ። ከዚያ ጎረቤታችሁ መልሰው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፤ የተሳሳተውን ቦታ ጻፉና ክፍል ይዛችሁ ኑ።