ልጄ የሚያድርበትን ቤት ማን ያይልኛል?

የሚነበብ ክፍል፦ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 እና 2

ውድ እኅቶች፣ እዚህ ዑለያ በየቤቱ ከምንሠራው መካከል ብዙዎቻችን የሰው ልጅ አጥበን፣ አብልተን፣ አስተኝተን የራሳችን ልጅ እንዴት እንዳደረ በስልክ የምንጠይቅ ነን። አያት ስትደክም ወይም በአካባቢው ጥሩ ትምህርት ቤት ሲጠፋ ልጁን አዳሪ እናስገባለን። ደመወዛችንም ወደዚያ ይሄዳል። ገንዘቡ መድረሱን እናረጋግጣለን፤ እንክብካቤው ለልጁ መድረሱንስ?

ሐናም ልጇን ሳሙኤልን በሴሎ በካህኑ በዔሊ ዘንድ ትታዋለች። ነገር ግን በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር። ልብስ የምትሠራ እናት የልጇን ቁመት ማወቅ፣ ፊቱንም ማየት አለባት። ያ ቤት የእግዚአብሔር ቤት ነበረ፤ ሆኖም የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ እዚያው ክፉ ይሠሩ ነበር፤ አባታቸውም ተናገራቸው እንጂ አላስቆማቸውም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የቅዱስ ስም መያዙ ብቻ ከመጠየቅ አያሳርፈንም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሕግ ሀገረ ስብከቶች የጥቃት አቤቱታ የሚቀበሉበትን መንገድ እንዲያዘጋጁ አዘዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ልጆችን የሚይዙ ተቋማት በደኅንነት፣ በጤና፣ በሠራተኞች ብዛትና ብቃት እንዲሁም በቁጥጥር የተወሰነውን መስፈርት እንዲያሟሉ ያዛል። እንግዲህ መጠየቃችሁ ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው።

የትምህርት ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባል። ደረጃውን ጠይቁ። ነገር ግን በዋናነት የሚመዘነው ትምህርቱ ነው፤ የሌሊቱን ነገር ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ምን ይታይ?

ወደ ሪያድ ከመምጣቴ በፊት በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የሴቶች መኝታ ቤት ኃላፊ ነበርሁ። ጎብኚ እንደሚመጣ ሲነገር አዲስ አንሶላ ከመጋዘን ይወጣል፣ በዚያ ቀን ሥጋ ይሠራል። ጎብኚው ሲሄድ አንሶላው ይመለሳል። ስለዚህ በእናንተ ፈንታ የምትሄደው እኅት ወይም አክስት ሳትናገር ትሂድ፤ ቢቻል በእራት ሰዓት። እነዚህን ትይ፦

1. በር። የመኝታ ቤቱ በር ማታ ከውጭ በቁልፍ ይዘጋል ወይ? መስኮቱስ ብረት አለው? እ.ኤ.አ. በ2001 በኬንያ በክያንጉሊ ትምህርት ቤት መኝታ ቤት ሌሊት ተቃጥሎ 67 ተማሪዎች ሞተዋል፤ አንዱ በር ተቆልፎ ነበር፣ መስኮቶቹም ብረት ነበራቸው።
2. አልጋ። ልጁ የራሱ አልጋ አለው? ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ተለይተው ይተኛሉ? በሴቶች መኝታ የምታድረው ኃላፊ ሴት ናት?
3. ሽንት ቤትና ውኃ። ከውስጥ ይዘጋል? መንገዱ ማታ መብራት አለው? ሳሙና አለ? ሴት ልጅ የወር አበባ ሲመጣባት ሞዴስ ከማን ታገኛለች?
4. ምግብ። የተለጠፈውን ዝርዝር ሳይሆን ድስቱን ትይ።
5. ሕመም። ልጅ ሌሊት ቢታመም ማን ይዞት ይሄዳል? ለቤተሰብ ማን ይደውላል?
6. አቤቱታ። ልጁ ከሠራተኞቹ ውጭ የሚነግረው ሰው አለ? በእንግሊዝ አገር ለአዳሪ ትምህርት ቤቶች በወጣው መስፈርት እንዲህ ያለ ሰው መመደብ ግዴታ ነው።

በስልክ ምን ይጠየቅ?

የሪያድና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ስለሆነ ከእራት በኋላ መደወል ይቻላል። «ደኅና ነህ?» ብትሉት «ደኅና ነኝ» ይላችኋል። ይልቅስ «ትናንት ማታ ምን በላህ? አጠገብህ የሚተኛው ማን ነው? ሽንትህ ሌሊት ሲመጣ ማን ይሸኝሃል? የምትፈራው ሰው አለ?» በሉት። ሁልጊዜ አስተማሪ አጠገቡ ቆሞ የሚያናግራችሁ ከሆነ፣ ብቻውን እንዲያናግራችሁ ጠይቁ። ከበዓል በኋላ አልመለስም ብሎ የሚያለቅስ፣ አልጋ ማርጠብ የጀመረ፣ ከየት እንደመጣ የማይነገር ስጦታ የያዘ ልጅ አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው።

ክፉ ነገር ቢሰማስ?

ልጁን አትቆጡት፣ «ለምን ዝም አልህ?» አትበሉት። እመኑት። መጀመሪያ ከዚያ ቤት ይውጣ፤ የከፈላችሁት ገንዘብ አያስቆያችሁ። ጥቃት ከሆነ ሳይታጠብ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ፖሊስና ወደ ወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይወሰድ። በእናንተ ስም የሚቆም ሰው እንዲኖር አስቀድማችሁ በሪያድ በሚገኘው ኤምባሲያችን ለምታምኑት ዘመድ ውክልና ስጡ። ችግር ከመጣ በኋላ ከአሠሪ ፈቃድ አግኝቶ ኤምባሲ መድረስ ቀናት ይወስዳል።

ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በቶሪኖ ድሆች ልጆችን ሰብስቦ ሲያሳድር፣ አሳዳጊው ጥፋትን ጠብቆ ከመቅጣት ይልቅ በመካከላቸው ሆኖ እንዲጠብቃቸው ያስተምር ነበር። ከሩቅ ያለች እናትም በስልኳና በወኪሏ በልጇ መካከል ልትሆን ትችላለች።

ለመወያያ

- ከዘመዶቼ መካከል ሳይናገር ሄዶ እውነቱን የሚነግረኝ ማን ነው?
- በዚህ ሳምንት ልጄን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ምንድን ነው?
- ከመካከላችን ልጇን አዳሪ ልታስገባ ያሰበች እኅት ካለች፣ ከመክፈሏ በፊት ምን እንንገራት?