መጥኖ መደቆስ፦ የምርምር ትምህርት ቤት አመራረጥ



«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገራችን ሰው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ለመሆን ለከፍተኛ ዲግሪ በሚያመለክቱ ብዙ ወገኖቻችን ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ከመካከላችን ያንዳችን ታላቅ ወንድም ለአምስት ስመ ጥር የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች አመልክቶ ከአምስቱም ባዶ እጁን ቀረ። የማመልከቻው ክፍያ የተገኘው በሬ ተሸጦ ነበር። እኛም ነገ መምህራን ስንሆን ተማሪዎቻችን መጠየቃቸው አይቀርምና በነገሩ ተወያየንበት። የደረስንበትም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ከተቋሙ ስም በፊት የምርምሩ ርእስ ይለይ። «ኮምፒውተር ሳይንስ» ማለት ብቻውን «እርሻ» እንደማለት ነው፤ ጤፍ ነው ወይስ ድንች? ለምሳሌ «ስላልነገርናችሁ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ምክንያቱን፣ አሉታውን፣ አድራጊውንና ተደራጊውን ባንድ ቃል ተሸክሟል። ይህን ለኮምፒውተር ማስተማር ራሱን የቻለ የምርምር ጥያቄ ነው፤ በዚህም ቋንቋውን የሚያውቅ የእኛ አገር ልጅ ከማንም አያንስም።

ሁለተኛ፣ አማካሪው ይታይ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ሴባስቶፖል የተሠራው እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ነው። ባለሙያውና እቶኑ እዚያ ነበሩና። በዝነኛ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን በመረጥነው ርእስ የሚሠራ መምህር ከሌለ ምን ይጠቅመናል? ስለዚህ የመምህራኑን የቅርብ ዓመታት ጽሑፎች ማንበብ ግድ ነው።

ሦስተኛ፣ የየአገሩ ሥርዓት ይታወቅ። በአሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት ማመልከት ይቻላል፤ የተቀበሉትም ተማሪ ባብዛኛው ክፍያው ተሸፍኖለት መተዳደሪያ ያገኛል። ማስተርሱ ግን ብዙውን ጊዜ በራስ ገንዘብ ነው። በአውሮፓ በአመዛኙ ማስተርስ ይቀድማል። ባገራችን ደግሞ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ማስረጃ ይሰብሰብ። ለተመራማሪ ከውጤት ወረቀት ሌላ የሠራው ሥራና ሥራውን በዓይኑ ያየ መምህር የሚጽፍለት ደብዳቤ ይመሰክሩለታል። ስሙን እንኳ በቅጡ ከማያውቅ ባለሥልጣን የሚገኝ ደብዳቤ ግን ዋጋ የለውም።

አምስተኛ፣ ዝርዝሩ በሦስት ይከፈል፦ ሩቅ የሚመስል፣ መካከለኛና በእጅ ያለ። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ያስተምራሉ። እነዚህን «ካልሆነ» ብሎ መናቅ ስሕተት ነው። እዚህ በደንብ የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሩቁ መንገድ ስንቅ ይሆናልና።

ያ ወንድማችን ዘንድሮ ያመለከተው ለሦስት ብቻ ነው፤ አንደኛው ባሕር ዳር ነው። የሦስቱንም መምህራን ሥራ አንብቧል። መልሱን ገና እየጠበቀ ነው፤ ዘንድሮ ግን በሬ አልተሸጠም።

ምኞት አይከልከል፤ ግን ይመጠን!