አንድ ወንጀል፣ ልዩ ልዩ ቅጣት፤ ይግባኝ ባይ ስለ ግብረ አበሩ ቅጣት ምን ሊል ይችላል?

ልጃቸው በአንድ የመጋዘን ስርቆት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተከሶ የተፈረደበት አንዲት እናት የፍርዱን ግልባጭ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወደ ቢሮዬ መጥተው፣ «ልጄ፣ አብረው ገብተው አብረው የወጡ ሲሆኑ፣ የኔው ዘጠኝ ዓመት ያኛው አምስት የተፈረደባቸው በምን ሕግ ነው?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ፣ ጥያቄያቸው እስከ ፍትሕ ሥር የሚወርድ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ያን ዕለት የሰጠኋቸውን መልስ ጥቂት አስፍቼ ለአንባብያን ላቀርበው ወደድሁ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 32 ንኡስ አንቀጽ 3፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ወንጀል ተካፋዮች ሆነው ሲገኙ ሁሉም ለወንጀሉ በተደነገገው በአንዱ ቅጣት እንዲቀጡ ካዘዘ በኋላ፣ ዳኛው በአንቀጽ 41 የተመለከተውን የእያንዳንዱን ግላዊ ሁኔታ፣ በአንቀጽ 88 የተመለከተውንም የጥፋት ደረጃ እንዲመረምር ያስገድደዋል። ስለዚህ መነሻው ለሁሉም አንድ ሲሆን መድረሻው እንደየሰው በደል ይለያያል፤ ነገር ግን ልዩነቱ ምክንያት ይሻል፣ ምክንያቱም በፍርዱ ላይ ተጽፎ ሊነበብ ይገባል።

ከእናቲቱ ጋር ተቀምጠን ግልባጩን ቃል በቃል ስናነብ፣ አምስት ዓመት የተፈረደበት ጓደኛ ጥፋቱን አምኖ፣ የደረሰውንም ንብረት ለባለቤቱ መልሶ፣ በአንቀጽ 82 ከተቈጠሩት የቅጣት ማቅለያዎች መካከል ከልብ መጸጸት የተያዘለት መሆኑን አገኘን፤ እንዲህ ያለው ንስሐ የተናዛዡ ብቻ ነውና ለግብረ አበሩ አይተላለፍም፤ ይህን ለእናት መንገር ቢከብደኝም ሳልሸሽግ ነገርኋቸው። ገጹን በገለጥን ጊዜ ግን ልጃቸው የወንጀሉ መሪና አደራጅ ነበረ ተብሎ በአንቀጽ 84 ቅጣቱ እንደ ከበደበት አየን፤ የምስክሮቹ ቃል ከዳር እስከ ዳር ቢመረመር ግን በበሩ ቆሞ መንገድ ከመጠበቁ በቀር አንዳች አልተነገረበትም። እንዲህ ያለ ሰው እንዲያውም በአንቀጽ 37 አባሪ ሊባል፣ ፍርድ ቤቱም ቅጣቱን ሊያቀልለት በተቻለ ነበር። የይግባኙ ልብ ይህ ነው አልኋቸው።

ይግባኝ ባይ ሆይ፣ «የርሱ ትንሽ ነው፣ የኔ ብዙ ነው» ብለህ ብቻ አትጻፍ፤ በአንተ ላይ የተያዘውን ማክበጃ፣ ለጓደኛህ የተያዘለትን ማቅለያ፣ ለእያንዳንዱም የቀረበውን ማስረጃ ጎን ለጎን አስቀምጠህ፣ ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ አሳይ፤ በቅጣት አወሳሰን መመሪያው መሠረት ማክበጃና ማቅለያ ቅጣቱን በእርከን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ስለ ሆኑ፣ አንዲት ያለ ማስረጃ የተያዘች ማክበጃ የዓመታት ዋጋ አላት። የጓደኛህ ቅጣት በስሕተት ያነሰ እንደ ሆነ ግን፣ ያ ስሕተት ለአንተ መብት ይሆናል ብዬ ተስፋ አልሰጥህም፤ ዐቃቤ ሕግም በቅጣት ማነስ ይግባኝ ሊል ይችላልና።

በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 187 መሠረት የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን፣ ማመልከቻውም የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው እንኳ በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ይግባኝ ከማለት አይከለከልም።

ብዙዎች የማያውቁት፣ እኔም ደጋግሜ ልናገረው የምወደው፣ የዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 196 ነው። አብረው ከተፈረደባቸው መካከል አንዱ ብቻ ይግባኝ ብሎ ቢረታ፣ ያልጠየቀውም ጓደኛ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ተመሳሳይ ፍርድ ያገኝ የነበረ እንደ ሆነ፣ የይግባኙ ፍሬ እንደ ጠየቀ ተቈጥሮ ለርሱም ሊደርሰው ይችላል፤ ስለዚህ የፈቃዱን ቃል በጽሑፍ አድርጎ፣ ፈርሞበት፣ በጊዜው ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እንዲያቀርብ እመክራለሁ።

ከእናቲቱ ልጅ ጋር የተከሰሰው ሦስተኛው ልጅ፣ እርሱም መሪ ነበረ ተብሎ እንደዚያው ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት፣ ጠያቂ ዘመድ የሌለው፣ ይግባኝም ያላለ ነበረ። ይግባኙ ለርሱም ሊደርሰው እንደሚችል በነገርኋቸው ጊዜ እናቲቱ ዝም አሉ፤ በሚከተለው እሑድ ስንቅ ይዘው ወደ ማረሚያ ቤቱ በሄዱ ጊዜ ለሁለት ሰው የሚበቃ እንጀራ ቋጥረው ነበር፤ ሰኞ ጧትም ያ ልጅ የፈረመበትን ወረቀት በዚያው በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው አመጡልኝ።