አንድ አውቶቡስ ጠፍቶ ሦስት ለምን ይመጣል?

ስለ ከተማ ትራንስፖርት የሚወጡ የመንግሥት ዕቅዶችና ሪፖርቶች ዘወትር በሦስት ቁጥሮች ይገለጻሉ፤ በተሽከርካሪዎች ብዛት፣ በመስመሮች ርዝመትና በታሪፍ። ሦስቱም አስፈላጊዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ተሳፋሪው ከታሪፉ ሌላ የሚከፍለው፣ በየትኛውም ትኬት ላይ ያልተጻፈ ዋጋ አለ፤ እርሱም ማቆሚያ ላይ ቆሞ የሚያጠፋው ጊዜ ነው። ይህ ዋጋ ገንዘብ ባላቸው ላይ እምብዛም አይከብድም፤ ሰልፉ ሲረዝም ኮንትራት ታክሲ ይጠራሉና። የሚከብደው ሌላ አማራጭ በሌለው ሠራተኛ፣ ፈተናው በ2 ሰዓት ተኩል በሚጀምርበት ተማሪ፣ ሕፃን ባዘለች እናት ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጠበቂያ ጊዜ እንዴት እንደሚሰላ፣ ለምን ከሚገባው በላይ እንደሚረዝምና ስሌቱ ለትራንስፖርት ፖሊሲ ምን ትርጉም እንዳለው ለማሳየት እንሞክራለን። የሚያስፈልገው ሒሳብ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚያልፍ አይደለም።

እስቲ በቀላል ምሳሌ እንጀምር። በአንድ ማቆሚያ በሰዓት 6 አውቶቡሶች ያልፋሉ እንበል። በሁለት ተከታታይ አውቶቡሶች መካከል ያለው አማካይ የጊዜ ልዩነት 10 ደቂቃ ነው ማለት ነው። አውቶቡሶቹ በትክክል በየ10 ደቂቃው የሚመጡ ከሆነ፣ ሰዓቱን ሳያውቅ ወደ ማቆሚያው የመጣ ሰው ዕድለኛ ሲሆን ምንም ሳይጠብቅ፣ ሳይሆን ደግሞ 10 ደቂቃ ጠብቆ ይሳፈራል፤ አማካዩ 5 ደቂቃ ነው።

አሁን እነዚያው 6 አውቶቡሶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይምጡ፤ ሁለቱ በ1 ደቂቃ ልዩነት ይከታተሉና ቀጣዮቹ ሁለት ከ19 ደቂቃ በኋላ ይድረሱ። አማካይ ልዩነቱ አሁንም 10 ደቂቃ ነው። ነገር ግን ተሳፋሪው በረጅሙ ክፍተት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ ከ20 እጅ 19 እጅ ነው። በዚያ ክፍተት የመጣ ሰው በአማካይ 9.5 ደቂቃ፣ በአጭሩ ክፍተት የመጣ ደግሞ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቃል። ሁለቱን እንደየዕድላቸው ስንደምር 9.05 ደቂቃ እናገኛለን። ሦስት ሦስት ሆነው በየ30 ደቂቃው ቢመጡ አማካዩ 15 ደቂቃ ይደርሳል። እንግዲህ «በሰዓት 6 አውቶቡስ አሰማርቻለሁ» የሚለው ድርጅት አልዋሸም፤ «ሩብ ሰዓት ቆምኩ» የሚለውም ተሳፋሪ አላጋነነም። ድርጅቱ የሚያሰላው በአውቶቡስ ነው፤ ተሳፋሪው የሚኖረው በክፍተቱ ውስጥ ነው።

ይህን በአንድ ቀመር መጻፍ ይቻላል። አማካይ የመጠበቂያ ጊዜን «ጥ»፣ በአውቶቡሶች መካከል ያለውን አማካይ ልዩነት «ል»፣ የልዩነቶቹን መደበኛ ልይይት ለአማካዩ አካፍለን የምናገኘውን ቁጥር «ዛ» (መዛባት) ብንል፣

ጥ = (ል ÷ 2) × (1 + ዛ × ዛ)

ይሆናል። አውቶቡሶቹ እንደ ሰዓት የተስተካከሉ ከሆነ ዛ ዜሮ ነው። ከላይ በጥንድ በመጡት ምሳሌ ዛ 0.9 ነው፤ አንባቢያን ራሳቸው አስልተው 9.05ን ማግኘት ይችላሉ። አውቶቡሶቹ አንዱ ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው እንደ ዕጣ ቢመጡ (የስታቲስቲክስ ተማሪዎች የፖይሰን ሂደት የሚሉት ነው) ዛ 1 ይሆንና የመጠበቂያው ጊዜ በትክክል እጥፍ፣ ማለትም 10 ደቂቃ ይሆናል። ቀመሩ ተሳፋሪው ሰዓት ሳይመርጥ ወደ ማቆሚያው ይመጣል ብሎ ያስባል። ይህ ጸሐፊ ለትምህርት በቆየበት የአውሮፓ ከተማ በየማቆሚያው የጊዜ ሰሌዳ ስለሚለጠፍ፣ በተለይ አውቶቡስ በማይበዛበት ሰዓት ሰው ሰሌዳውን አይቶ ከቤቱ ይወጣል፤ በዚያ ቀመሩ መሻሻል ያስፈልገዋል። እኛ ዘንድ ግን ሳይሻሻል ይሠራል።

መጠራራት ከየት ይመጣል?

አውቶቡሶች ተጠራርተው ሲመጡ ብዙዎች ጥፋቱን የሾፌሮች ስንፍና አድርገው ያዩታል። ጎርደን ኒዌልና ሬንፍሪ ፖትስ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳሳዩት ግን ሁሉም ሾፌር ትጉህ ቢሆን እንኳ መጠራራቱ አይቀርም። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። በአንድ ማቆሚያ በደቂቃ 2 ሰው ይመጣል፤ አንድ ሰው ለመሳፈር 4 ሴኮንድ ይፈጅበታል እንበል። ከቀዳሚው 10 ደቂቃ ርቆ የመጣ አውቶቡስ 20 ሰው ያገኛል፤ ለ80 ሴኮንድ ይቆማል። በመንገድ መዘጋጋት 3 ደቂቃ የዘገየ አውቶቡስ ግን 26 ሰው ስለሚያገኝ 104 ሴኮንድ ይቆማል፤ መዘግየቱም 3 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ይሆናል። ከኋላው የሚከተለው 14 ሰው ብቻ ስለሚያገኝ ቶሎ ጭኖ ይነሣል። የፊተኛው እየሞላና እየዘገየ፣ የኋለኛው እየቀለለና እየፈጠነ ይሄዳል። ቀዳሚው አውቶቡስ ሰዓቱን ጠብቆ እስከተጓዘ ድረስ መዘግየቱ በየማቆሚያው በ1.13 ገደማ ይባዛል፤ ከ6 ማቆሚያ በኋላ 3 ደቂቃው ከ6 ደቂቃ በላይ ሆኖ እናገኘዋለን።

የፊዚክስ ተማሪዎች ይህ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገነዘባሉ፤ ያልተረጋጋ ሚዛን ነው። በጫፉ የቆመ እርሳስ በሐሳብ ደረጃ ሊቆም ይችላል፤ ጥቂት ካዘነበለ ግን ዝንባሌው ራሱ ተጨማሪ ዝንባሌን ይወልዳል። የአውቶቡስ መስመርም ያለ ተቆጣጣሪ ከተተወ እኩል ክፍተት ጠብቆ ሊቆይ አይችልም። በቀመሩ ውስጥ 4 ሴኮንዱ ወሳኝ መሆኑንም ልብ ይሏል። ትኬት ከመሳፈር በፊት ቢሸጥና ሰው በሁለት በር ቢገባ፣ 4ቱ ወደ 2 ይወርዳል፤ የመዘግየቱ ማባዣም ከ1.13 ወደ 1.07 ዝቅ ይላል። አዲስ አውቶቡስ ከመግዛት ጋር ሲነጻጸር ይህ ርካሽ መፍትሔ ነው።

ከዩራኒየም እስከ ኩየርናቫካ

እ.ኤ.አ. በ2000 ሚላን ክርባሌክና ፔትር ሼባ የተባሉ ተመራማሪዎች በሜክሲኮ ስለምትገኘው የኩየርናቫካ ከተማ አውቶቡሶች አንድ ጥናት በፊዚክስ መጽሔት ላይ አሳተሙ። በከተማይቱ የአውቶቡስ አገልግሎቱን የሚመራ ማዕከላዊ ድርጅትም ሆነ የጊዜ ሰሌዳ አልነበረም። ሾፌሮቹ አውቶቡሱን እንደ ግል ንብረታቸው ይዘው ለተሳፋሪ የሚሻሙ ነበሩ። እንዲህ ባለ ሥርዓት መዛባቱ ከፍተኛ ይሆናል ተብሎ ቢጠበቅ አያስገርምም። የተለካው ውጤት ግን ሌላ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመስመሩ ላይ በተወሰኑ ቦታዎች አውቶቡሶች ያለፉበትን ሰዓት የሚመዘግቡ ሰዎች ይቆማሉ፤ ሾፌሩ ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ ከፊቱ ያለው አውቶቡስ መቼ እንዳለፈ ይጠይቃል። አሁን አልፎ ከሆነ፣ ሰው እንዲጠራቀምለት ፍጥነቱን ይቀንሳል። ካለፈ ከቆየ፣ ከኋላው የሚመጣው እንዳይቀድመው ይፈጥናል። እያንዳንዱ ለራሱ ጥቅም ሲያስብ አውቶቡሶቹ እርስ በርስ የሚገፋፉ ያህል ተራርቀው ይጓዛሉ። ተመራማሪዎቹ የሰበሰቧቸው የጊዜ ልዩነቶች ሥርጭት በኑክሌር ፊዚክስ ከሚታወቅ ሥርጭት ጋር ገጠመ። ዩጂን ዊግነር እንደ ዩራኒየም ያሉ ከባድ አስኳሎችን የኃይል ደረጃዎች ለመረዳት የዘፈቀደ ማትሪክሶችን ጥናት ጀምሮ፣ ፍሪማን ዳይሰን አስፋፍቶት ነበር። በእነዚህ ማትሪክሶች ሁለት ደረጃዎች እጅግ ተጠጋግተው የመገኘት ዕድላቸው በጣም ትንሽ ነው፤ «መገፋፋት» ይባላል። የኩየርናቫካ አውቶቡሶችም እንዲሁ ሆኑ።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ቁጥሩ ነው። በዚህ ሥርጭት የዛ ስኩዌር 0.18 ያህል ስለሆነ፣ አማካይ ልዩነቱ 10 ደቂቃ ቢሆን የመጠበቂያው ጊዜ 5.9 ደቂቃ ይሆናል። ፍጹም ከተስተካከለው 5 ደቂቃ ብዙም አይርቅም፤ እንደ ዕጣ ከሚመጣው 10 ደቂቃ ግን እጅግ ያንሳል። አንድም አውቶቡስ ሳይጨመር፣ የመጠበቂያውን ጊዜ ከ10 ወደ 6 ደቂቃ ለማውረድ በቂ የሆነው በወረቀት የተያዘ መረጃ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ

የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶችም በግል ባለቤቶች እጅ ናቸው፤ በየተራው ተራ አስከባሪ አለ። ይሁን እንጂ ተራ አስከባሪው የሚጠብቀው የመጫን ቅደም ተከተልን እንጂ የጊዜ ክፍተትን አይደለም። ታክሲው የሚነሣው ሰዓት ሲደርስ ሳይሆን ሲሞላ ነው። ከዚህ የተነሣ በመካከለኛ ማቆሚያ ላይ ለቆመ ሰው ሌላ ችግር ይፈጠራል። ለእርሱ «ል» በታክሲዎች መካከል ያለው ልዩነት ሳይሆን ባዶ ወንበር ባላቸው ታክሲዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። በየ2 ደቂቃው አንድ ታክሲ ቢያልፍና ከ10ሩ 9ኙ ሞልተው ቢሆኑ፣ የእርሱ ል 20 ደቂቃ ነው። በከተማው ካርታ ላይ ግን ማቆሚያው «አገልግሎት ያለው» ተብሎ ይቆጠራል።

ታሪፍን በሚመለከትም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። መንግሥት ታሪፍን በርቀት ይወስናል፤ ዓላማው ተገቢ ነው። ነገር ግን በጠዋትና በማታ የመንገድ መጨናነቅ አንድ ምልልስ የሚፈጀውን ጊዜ ሲያራዝመው፣ የባለታክሲው ወጪ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ይጨምራል። ታሪፉ ይህን ስለማያውቅ ረጅሙን መስመር ቆራርጦ መጫን ይጀመራል፤ ተሳፋሪው ሁለት ጊዜ ከፍሎ ሁለት ጊዜ ይሰለፋል። ወያላውን መቅጣት ስሌቱን አይለውጠውም። ዋጋ በገንዘብ እንዳይወጣ ሲታገድ በደቂቃ መውጣቱ አይቀርም፤ በጸሐፊው እምነት የታሪፍ ውሳኔ ከሚጠበቅ የአገልግሎት ድግግሞሽ ጋር ካልተያያዘ ርካሽነቱ የወረቀት ላይ ነው።

ድጎማስ? በ2014 ዓ.ም. ክረምት መንግሥት አጠቃላይ የነዳጅ ድጎማውን ማንሣት ሲጀምር፣ የተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በቅናሽ ዋጋ እንዲቀዱና ክፍያውን በቴሌብር እንዲፈጽሙ ተደርጎ ነበር። ድጎማውን ለሚገባው ሰው ለይቶ ለማድረስ መሞከሩ መልካም እርምጃ ነበር። መለኪያው ግን ሊትር ነበር። ሊትር በመጨናነቅ ቆሞ የተቃጠለንና ሰው ጭኖ የተጓዘን ነዳጅ አይለይም።

እዚህ ላይ የኢኮኖሚ ባለሙያው ኸርበርት ሞህሪንግ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው ሐሳብ ይረዳናል። በአንድ መስመር ተሳፋሪ ሲበዛ ተጨማሪ አውቶቡስ ይመደባል፤ ል ያጥራል፤ ቀድሞም ይጓዝ የነበረው ሰው የሚጠብቀው ጊዜ ይቀንሳል። አዲሱ ተሳፋሪ ለሌሎች ጥቅም አመጣ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሙሉውን ወጪ በታሪፍ ማስከፈል ተገቢ አይሆንም፤ ልዩነቱን መንግሥት ቢሸፍን ኅብረተሰቡ ይጠቀማል። የሕዝብ ትራንስፖርት ለምን ይደጎማል ለሚለው ጥያቄ ከቀረቡት መልሶች ጠንካራው ይህ ይመስለኛል። ነገር ግን መልሱ የሚሠራው ገንዘቡ በእርግጥ ወደ አጠረ የመጠበቂያ ጊዜ ሲለወጥ ብቻ ነው። የድጎማው ምክንያት ደቂቃ ከሆነ፣ የድጎማው መለኪያም ደቂቃ ሊሆን ይገባል።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የቀመሩን ሌላ ገጽ ያሳያል። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የተዘረጉት ሁለቱ መስመሮች ሐዲዳቸው በአብዛኛው ከመኪና መንገድ የተለየ በመሆኑ፣ የመንገድ መጨናነቅ ዛን ከፍ አያደርገውም። ሲጀምር ታሪፉ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ኋላ ግን በመለዋወጫ እጥረት ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ሲቆሙ ል ራሱ ረዘመ። ሚኒባሱ ል አጭር ሆኖ ዛ ሲበዛበት፣ ባቡሩ ዛ አንሶ ል ረዘመበት። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መጠገን አይበቃም።

ለአውቶቡስ የተለየ መንገድ መስጠት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያሻሽላል፤ አውቶቡሱ ምልልሱን ቶሎ ስለሚጨርስ በዚያው ቁጥር ተሽከርካሪ ል ያጥራል፤ መጨናነቅ ስለማይነካውም ዛ ይቀንሳል። የብራዚሏ ኩሪቲባ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ቦጎታ በ2000፣ ዳሬሰላም በ2016፣ ዳካር በ2024 ይህን ጀምረዋል። ቀለም የተቀባ መሥመር ብቻውን ግን መኪና አያቆምም፤ አጥር ወይም ጽኑ ቁጥጥር ይፈልጋል። በተጨማሪም ቀድሞ የደረሰውን አውቶቡስ በመቆጣጠሪያ ጣቢያ አንድ ሁለት ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። ውስጥ የተቀመጠው መንገደኛ ማጉረምረሙ አይቀርም፤ ከፊት ባሉት ማቆሚያዎች የሚጠብቁት ሰዎች ግን ከእርሱ ይበዛሉ።

ይህን ራሳችሁ ልትለኩት ትችላላችሁ። ሰዓትና ደብተር ይዛችሁ፣ ከመነሻው ተራ ራቅ ባለ አንድ ማቆሚያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ቁሙ። የአንድ መስመር ተሽከርካሪ ባለፈ ቁጥር ሰዓቱን እስከ ሴኮንድ ጻፉ፤ ሞልቶ ያለፈውን በመስቀል ምልክት ለዩት። አማካዩንና መደበኛ ልይይቱን አስልታችሁ ጥን በቀመሩ ፈልጉ፤ መጀመሪያ ሁሉንም ቆጥራችሁ፣ ቀጥሎ ባለመስቀሎቹን አውጥታችሁ። ከ30 ያነሱ ልዩነቶች ይዛችሁ ድምዳሜ ላይ አትድረሱ፤ ካነሰባችሁ በሌላ የሥራ ቀን በዚያው ሰዓት ድገሙት። ሰኞ ጠዋትን ከሌሎቹ ቀናት ጋር አታደባልቁ።